ስለ እንዶድና ስለ ዘገየ ሽልማት

ከመስቀል አደባባይ በደቡብ በኩል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መስቀል ፍላወር ዛሬ ሆቴሎችና ቡና ቤቶች የበዙበት፣ ከቀን ወደ ቀንም ፎቅ በፎቅ ላይ የሚነሣበት ሰፈር ሲሆን፣ በየሱቁ መደርደሪያ የውጭውም የአገር ውስጡም የዱቄት ሳሙና ሞልቶ ይታያል፤ በመስቀል ዋዜማ ነጭ ለብሶ ወደ ደመራው የሚወጣውም ሕዝብ ልብሱ በምን እንደ ነጣለት አይመረምርም። ይህ ሳሙና በገበያ ከመንገሡ በፊት ግን የኢትዮጵያ ሴቶች ጋቢውንና ነጠላውን፣ የካህናቱንም ቀሚስ የሚያነጹት የእንዶድን ፍሬ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው በሚያወጡት አረፋ ነበር። ስለ ኬሚስትሪ ሽልማቶች ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ከቤተ መንግሥት ወይም ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ከዚህ ቁጥቋጦ ቢጀምር ሊነቀፍ አይገባውም፤ አገራችን ከቅመማ ጥበብ ጋር የተያያዘ ታላቅ ዓለም አቀፍ ክብር ያገኘችው በዚሁ ፍሬ ነውና።

በጥንቱ ሥርዓት ሽልማት የሚባለው ነገር ይልቁንም ለጦር ሜዳ ጀግና የተጠበቀ ነበር። ነገሥታቱ ጠላት ለመለሰ፣ አገር ላቀና ሰው ለምድና ካባ፣ ጋሻና ጎራዴ፣ ከዚያም ሲያልፍ ርስትና ጉልት ይሰጡ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም እንደየትምህርታቸው መዓርግና ወንበር ነበራቸው። ብረትን ከአፈሩ አቅልጦ የሚያወጣው ቀጥቃጭ፣ ቆዳን አልፍቶ የሚያለሰልሰው ፋቂ፣ ሸክላን በእሳት የምታጸናው ሴት ግን፣ ሥራቸው ሁሉ የቁስን ባሕርይ የመለወጥ ጥበብ ሆኖ ሳለ፣ ከሽልማት ይልቅ ዘለፋ ይደርስባቸው ነበር፤ ቡዳ ይባላሉ፣ ጠይብ ይባላሉ፣ ከሰውም መካከል ይለያሉ። ጸሓፊው የሚጽፍበት ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከቅጠላ ቅጠል ተቀምሞ፣ ብራናውም ከፍየል ቆዳ ተፍቆ መዘጋጀቱ እየታወቀ፣ መጽሐፉ ሲከበር የሠሪው እጅ ይናቅ ነበር። ይህን ነውር በዐዋጅ ለመሻር የሞከሩት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ በ1908 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ጥበብ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዘዙ። ለሙያተኛው ሽልማት ባይሆንም ስድቡ እንዲቀር መታዘዙ፣ ለእጅ ጥበብ ክብር የመጀመሪያው እርምጃ ነበረ ለማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ዘመናዊው ትምህርት መጣ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ይህም በ1961 ከሌሎቹ ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያው ዓመት ከመስቀል አደባባይ አጠገብ፣ በካዛንቺስ መግቢያ፣ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ አፈወርቅ ተክሌም የአህጉሪቱን ያለፈና የሚመጣ ዘመን በመስተዋት ሥዕል ሠሩበት። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የመጀመሪያውን ሽልማት ሲሰጥ በሥነ ጽሑፍ ከበደ ሚካኤል፣ በሥነ ጥበብ እኚሁ አፈወርቅ ተክሌ ተሸለሙ፤ አገሪቱም ከጦር ጀግና ሌላ የብዕርና የቡሩሽ ጀግና እንዳላት በአደባባይ መሰከረች። የቤተ ሙከራ ሰው ተራ ግን ገና ነበር፤ ነገር ግን በዚያው በ1964፣ ከአዲስ አበባ ርቆ፣ በአድዋ አንድ ነገር ታየ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ፤ ወደ አድዋም የሄዱት ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ ሊያጠኑ ነው። የዚህ በሽታ ትል እንቁላሉ ከሰው ወጥቶ ወደ ውኃ ይገባና፣ በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሥጋ ውስጥ ተራብቶ፣ ከዚያ ወጥቶ በወንዝ በሚታጠቡና በሚጫወቱ ሰዎች ቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከተወገደ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ተመራማሪው በወንዙ ዳር ሲመላለሱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ። ከሌላ ስፍራ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ አኑረው ከአጣቢዎቹ አንዲቷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ባደረጉ ጊዜ ቀንድ አውጣዎቹ ወዲያው ሞቱ። ወንዙንና አረፋውን ስንቱ ሰው አይቶት አልፏል፤ ያንን ያዩትን ነገር ወደ ጥያቄ መለወጥ ግን የእርሳቸው ድርሻ ሆነ።

በዚህ ላይ የኬሚስትሪው ምሥጢር ሊተነተን ይገባል። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ እነዚህ በአንድ ወገናቸው ውኃ የሚወድ ስኳር፣ በሌላው ወገናቸው ቅባት የሚወድ አካል ስላላቸው እድፉን ከልብሱ ያላቅቃሉ፣ አረፋም ያወጣሉ፤ በዚያው ባሕርያቸው የቀንድ አውጣውን የሕዋስ ሽፋን ቀድደው ይገድሉታል። በሰባዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ፓርክኸርስት የተባለ ኬሚስትና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከፍሬው አንጥረው ካወጧቸው ንጥረ ነገሮች አንዱን በአክሊሉ ለማ ስም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው፤ ፍሬው ሳይነካ ሳለ በውስጡ ያለው ሳፖኒን ስኳር በሁለት ወገን የተጣበቀበትና ቀንድ አውጣ የማይገድል ሲሆን፣ ፍሬው ተወቅጦ በውኃ በተዘፈዘፈ ጊዜ ግን የራሱ ኤንዛይም አንደኛውን የስኳር ወገን ቆርጦ ይጥልና ገዳዩ ሳፖኒን ያን ጊዜ ይገኛል። በሜታኖል አልኮል ለማውጣት የሞከረ ኬሚስት ደካማውን ሲያገኝ፣ በሙቀጫ ወቅጣ በውኃ የምትበጠብጠው ባልቴት ኃይለኛውን ታገኝ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈው ሥርዓት በቤተ ሙከራ ሲመዘን እውነተኛ የቅመማ ሥርዓት ሆኖ ተገኘ።

በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ፣ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ የቢልሃርዝያ መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የግብርናው ሊቅ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከልዩ ልዩ አውራጃ የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው፣ አብቅለውና አወዳድረው፣ ፍሬው ብዙ፣ ኃይሉም ብርቱ የሆነውን 44ኛውን ዓይነት መረጡ። አንዱ የመድኃኒቱን ኃይል ሲገልጥ ሌላው ገበሬ በጓሮው የሚተክለው ሰብል አደረገው፤ ሐሳቡም ድሀ አገር በውድ ዋጋ ከውጭ የሚገዛውን መርዝ ትታ በገዛ ቁጥቋጦዋ ወንዞቿን እንድታጠራ ነበር።

ነገሩ ግን እንደ ታሰበው አልቀለለም። በፋብሪካ የተሠራው የቀንድ አውጣ መድኃኒት በዓለም ገበያ ቦታውን ይዞ ነበር፤ የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎችም የእንዶድ ደኅንነት በዘመናዊ ቤተ ሙከራ ሥርዓት ካልተመረመረ አንቀበልም አሉ። ጥያቄው በራሱ ቅን ነው፤ ወንዝ የሰውና የከብት መጠጥ ነውና። ነገር ግን ያንን ምርመራ በታዘዘው ልክ ለመፈጸም የሚያስፈልገው ገንዘብና መሣሪያ በአፍሪካ ቤተ ሙከራዎች ስላልነበረ፣ ፍርዱ ብዙ ዓመት ሳይሰጥ ቀረ፤ የመርዛማነቱም ጥናት ኋላ በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማእከል ርዳታ ነው የተካሄደው። ይህ ሁሉ ሳይፈጸም አብዮቱ መጣ፤ አክሊሉ ለማም በ1976 ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥራ ተሰማሩ።

ሽልማቱ የመጣው በ1989 ነው። ያዕቆብ ፎን ኡክስኪል የተባለው ሰው ስለ ተፈጥሮ ጥበቃና ስለ ድሆች ሕይወት የኖቤል ሽልማት እንዲጨመር ጠይቆ እሺ ስላልተባለ፣ የቴምብር ስብስቡን ሸጦ በ1980 የመሠረተው፣ በተለምዶ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት፣ በዚያ ዓመት ለአክሊሉ ለማና ለለገሠ ወልደ ዮሐንስ በጋራ ተሰጠ። በዚያው ዓመት የአገራችንን የሰብል ዘር በማዳን የታወቁት ዶክተር መላኩ ወረደም ከተሸላሚዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ስለዚህ በስዊድን ፓርላማ ውስጥ ሦስት ኢትዮጵያውያን በአንድ ጊዜ ከበሩ። ከአድዋው ወንዝ እስከዚያ ቀን 25 ዓመት አልፏል። ክብሩ የተሰጠው ግኝቱን ስላገኙ ብቻ ሳይሆን፣ ሰሚ ባጡበት ዘመን ሁሉ ሳይታክቱ ስለ ተሟገቱለትም ነበር።

ከክብሩ ጋር መማሪያ የሚሆን ነገርም ተከተለ። በ1990 አክሊሉ ለማ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሲሰጣቸው፣ በዚያ አገር ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ የተባለ ዛጎለኛ ፍጥረት እንዶድ እንደሚገድለው ተረጋገጠ፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ መብት አወጣበት። የኢትዮጵያ ሴቶች የዘመናት ዕውቀት ባለመብት ሆኖ አለመቆጠሩ በዚያን ጊዜ ብዙ ክርክር አስነሣ። አክሊሉ ለማ በ1997 ዐረፉ።

በስደት የከበረ የጥበብ ሰው እርሳቸው ብቻ አይደሉም። የግእዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከዋሉ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው፣ በሚኒሶታ የኢትዮጵያን ብራናዎች መርምረው በመዘርዘራቸው በ1988 የማክአርተር ሽልማት አገኙ፤ በ1966 በአዲስ አበባ የተወለዱት ልጃቸው ሶስና ኃይሌም የነዳጅ ሴል በሚባለው የኃይል ማመንጫ የሚያገለግሉ ጠጣር አሲዶችን በማጥናት ታውቀው፣ በ2000 ከአሜሪካ የሴራሚክ ማኅበር፣ በ2001 ከኤሌክትሮኬሚካል ማኅበር ተሸለሙ። አባት በብራና፣ ልጅ በኬሚስትሪ በባዕድ አገር ሲከበሩ፣ ደስታውና ሐዘኑ እኩል ነው።

በአገር ቤት የቀሩትም ዝም አላሉም። በ1984 የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ የተፈጥሮ ውጤቶች ምርምር መረብ ተመሠረተ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜም በዚሁ ማኅበር ብዙ ደክመዋል። በ1987 የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት መታተም ጀመረ። በ2006 የተቋቋመው የአፍሪካ የኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽንም መቀመጫው አዲስ አበባ ሲሆን፣ በዶክተር ተመቸኝ እንግዳ መሪነት ከ2011 ጀምሮ የኬሚስትሪን ማስተማር ብቻ የሚመለከት መጽሔት ያወጣል። ከ2013 ጀምሮ የሚሰጠው የበጎ ሰው ሽልማትም ለመምህርነትና ለሳይንስ የተለየ ዘርፍ አለው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ ኢትዮጵያ ጥበብ አላጣችም፣ የጎደላት ጥበበኛውን በጊዜውና በቤቱ የማክበር ልማድ ነው። ቀጥቃጩን እስከ 1908 ያለ ከልካይ ሰደበች፤ የእንዶዱን ሊቅ 25 ዓመት ቆይታ በሌላ አገር ፓርላማ ተከብሮ አየችው፤ አረፋውን ያወጡትን የአድዋ ሴቶች ደግሞ በስም እንኳ አልመዘገበችም። ስለዚህ የትምህርት ሹማምንትና ባለጸጎች፣ ይልቁንም ከሳሙናና ከመድኃኒት ንግድ የሚያተርፉት፣ በየዓመቱ አንድ የኬሚስትሪ መምህርን፣ አንድ ተመራማሪን፣ አንዲትም የአገር ባህል ዐዋቂ ሴትን በስማቸው ጠርተው፣ በሕይወት ሳሉ ቢሸልሙ፣ ወጪው ትንሽ፣ ዋጋው ግን ትልቅ ይሆናል።