በዙሉ የተናገረው ራዲዮ

በ1941 እ.ኤ.አ. ኪንግ ኤድዋርድ ማሲንጋ በደርባን ስቱዲዮ በዙሉ ቋንቋ ዜና ማሰማት ጀመሩ፤ “ኪንግ” ማዕረግ ሳይሆን የተጸውዖ ስማቸው ነው። በደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ራዲዮ የመጀመሪያው ጥቁር ዜና አንባቢ እርሳቸው ነበሩ። መንግሥት ማይክሮፎኑን የፈቀደው ቋንቋውን አክብሮ አልነበረም፤ ዘመኑ የጦርነት ነበርና የጦር ሜዳው ወሬ ለጥቁሩ ሕዝብ በራሱ አንደበት እንዲደርስ ስለፈለገ እንጂ።

ማሲንጋ ግን በዜና አልተወሰኑም። ከሙዚቃ አጥኚው ሂዩ ትሬሲ ጋር በዙሉ ተረት ላይ የተመሠረተ ሙዚቃዊ ተውኔት አዘጋጁ፤ የሼክስፒርንም ድርሰቶች ወደ ዙሉ መልሰው በራዲዮ አሰሙ። ለትእዛዝ ማድረሻ የታሰበው ሞገድ የኪነ ጥበብ መድረክ ሆነ።

በ1960 የተቋቋመው ራዲዮ ባንቱ አድማጩን በየነገዱ የሚከፋፍል የአፓርታይድ መሣሪያ ነበር። የዙሉው ክፍሉ ኋላ ኡኮዚ ኤፍ ኤም ተባለ፤ በአገሪቱም ብዙ አድማጭ ያለው ጣቢያ ለመሆን በቃ።