ፕላኑ ያልነካት አምቦ ለምን ቀድማ ተቆጣች?

ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላንን በመቃወም የአምቦ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ኅዳር 2008 ላይ ደግሞ ተቃውሞው ከጊንጪ ተነሣ። ልብ ይበሉ፦ ፕላኑ የሚመለከተው ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሆለታንና መሰሎቻቸውን ነበር። አምቦ ከአዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጊንጪም 80 ያህል ትርቃለች። ሁለቱም በካርታው ውስጥ አልነበሩም።

ታዲያ ለምን እነሱ?

መልሱ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ወደ ምዕራብ መመልከት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የማገዶ እንጨት ሲያልቅባት ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ኋላ ባሕር ዛፍ ደርሶ ከተማዋን አተረፋት፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ወደዚያ የተዘረጋው ጎዳና ግን ቀረ፤ ከአገሪቱ የመጀመሪያ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ከተማዋ የራባት መሬት ሆነ። ከአምቦ የተነሣ መንገደኛ አዲስ አበባ ለመግባት ሆለታንና ቡራዩን ያቋርጣል። ትናንት ጤፍ ያየበት ማሳ ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሮ ያገኘዋል። ያ ገበሬ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና የቦታው ዋጋ አይታሰብለትም። ቦታው ከተማ ውስጥ ሲገባ ግን በካሬ ሜትር የሊዝ ጨረታ ይወጣበታል። ጊንጪ ላይም እሳቱን የጫረው የራሷ የቅርብ ጉዳይ ነበር፤ የኳስ ሜዳዋና የጭሊሞ ደን ለባለሀብት ተላልፈው ይሰጣሉ መባሉ። አምቦና ጊንጪ የነገ ዕጣቸውን በቡራዩ ላይ አዩ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49(5) ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅና ዝርዝሩ በሕግ እንደሚወሰን የደነገገው በ1987 ነው። ማስተር ፕላኑ ሲመጣ፣ ከ19 ዓመት በኋላ፣ ሕጉ ገና አልወጣም ነበር። ሕጉ ሳይቀድም ካርታው ቀደመ።

ጥር 2008 ላይ ኦሕዴድ ፕላኑ መሰረዙን አስታወቀ። ተቃውሞው ግን አልቆመም፤ የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እስከ መልቀቅ ደረሱ።

በ2015 ቡራዩና ሰበታ የሸገር ከተማ አካል ሆኑ። ከተማ ያድጋል፤ ይህን ማንም አያቆመውም። የአምቦ ጥያቄ ግን እዚያው ነው፦ አጥሩ ከመተከሉ በፊት ገበሬውን የሚጠይቀው ማን ነው?