ጧሪና ቀባሪ፤ በሳሪስ አቦና በአካባቢው ስለ አረጋውያን መጠለያና አጠባበቅ

ሳሪስ አቦ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ፥ ከከተማው በስተ ደቡብ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው በዚያ ከሚገኘው ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሕዝቡ ጻድቁን «አቦ» እያለ ይጠራቸዋልና። እኒህ ጻድቅ በገድላቸው 562 ዓመት እንደ ኖሩ የሚነገርላቸው፥ በዝቋላ ተራራ የሚታሰቡ አባት ናቸው። በየወሩ በ5 ቀን፥ ይልቁንም በጥቅምት 5ና በመጋቢት 5 በዓላቸው ሲከበር፥ ነጠላቸውን ያጣፉ አሮጊቶችና በምርኵዝ የሚሄዱ ሽማግሎች ወደ ደጃቸው ይሰበሰባሉ።

ሰፈሩ የሠራተኛ ሰፈር ነው። የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፥ በሐዲዱና በመኪናው መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች እየበዙ ሄዱ። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፥ የአደይ አበባ ጨርቃ ጨርቅና የአዲስ ጎማ ፋብሪካ ከየአውራጃው የመጣውን ወጣት ወደዚህ ሳቡት። ያ ወጣት ዛሬ አርጅቷል። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ስለ እርጅና መጠየቅ፥ ባላገሩን ትቶ ወደ ከተማ የገባ ትውልድ በመጨረሻ ዘመኑ ማን እንደሚይዘው መጠየቅ ነው።

የቃሉ ፍችና የባላገር ሥርዓት

አማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ ልጁን ወይም ወዳጁን ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ሁለቱ ቃላት ተለያይተው የሚነገሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቀባሪ ሰው ሲሞት በወግ አልቅሶ አፈር የሚያለብስ ነው። ጧሪ ደግሞ «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፥ የደከመውን ሰው የሚመግብ፥ የሚያለብስ፥ የሚያነሣና የሚያስተኛ ማለት ነው። ጡረታ፥ ተጧሪ፥ መጦሪያ የሚሉት ሁሉ ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። መጦሪያ ሲባልም ቤት ብቻ አልነበረም፤ ለእርጅና የተያዘ ላም፥ ለእርጅና የተተወ መሬት መጦሪያ ይባላል።

በባላገር ዘንድ ወላጅ ልጆቹን ሲድር ለየልጁ ድርሻውን ይሰጥና ለራሱ መጦሪያ ያስቀራል። ብዙ ጊዜም ከልጆቹ አንዱ፥ በተለይ የመጨረሻው፥ ከወላጆቹ ጋር ይቀራል። እርሱ ያርሳል፥ ሚስቱ ትጋግራለች፤ ወላጆቹ ሲያልፉም ቤቱና መጦሪያው ለጦረው ልጅ ይሆናል። ልጅ የራቀባቸው እንደ ሆነ የልጅ ልጅ ወደ አያቱ ቤት ይላካል፤ ውሃ ይቀዳል፥ እሳት ያነዳል፥ ሌሊት አብሮ ያድራል። ልጅ የሌለውም ሰው የዘመድ ወይም የባዳ ልጅ በማደጎ ያሳድጋል። ፍትሐ ነገሥትም በችግራቸው ጊዜ ወላጆቹን የተወ ልጅ ከውርስ ሊነቀል እንደሚችል ያዛል። ከሕጉም ይልቅ ሕዝቡ የሚፈራው ጡር ነው፤ ሽማግሌ ያስለቀሰ ሰው በራሱ እርጅና ይከፈለዋል ይባላል።

የመጦር ሥራ ዝርዝሩ ብዙ ነው። ለአዛውንቱ ከምድጃው አጠገብ ያለው መደብ ይለቀቅላቸዋል፤ ሙቀቱ እንዳይለያቸው ነው። ጥርስ ሲጠፋ አጥሚትና ገንፎ ይዘጋጃል። ማታ እግራቸው ይታጠባል። ቡና ሲፈላ ጐረቤት ይጠራል፤ ያረጀ ሰው ብቻውን ቡና መጠጣት እንደ ትልቅ ውርደት ይቈጠራልና። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቤቱ፥ ንብረቱና የሚያነሣው እጅ አንድ ላይ የታሰሩ እንደ ነበሩ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቤቱ የጧሪው ዋጋ ነበረ፤ ጧሪውም የቤቱ ነፍስ ነበረ።

በቤተ ክርስቲያን ደጅ

ይህ ማሰሪያ ለተበጠሰበት ሰው ሁለተኛው መጠጊያ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን ከዳረች በኋላ ቆብ ትደፋና እማሆይ ተብላ በደብሩ አጠገብ በጐጆ ትቀመጣለች። በአዲስ አበባ አድባራት ደግሞ ሌላ ልማድ ተነሣ። ባለጸጎች በሟች ዘመዳቸው መቃብር ላይ ቤት ሲሠሩ፥ ድኾች አረጋውያንና መነኰሳዪያት በዚያ ገብተው መኖር ጀመሩ። አዛውንቷ መቃብሩን ትጠብቃለች፥ ለሟቹ ትጸልያለች፤ የሟቹ ወገንም በተዝካርና በዓመት በዓል ምግብና ልብስ ያመጣላታል። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር በሌላም አገር ታይቷል። በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ ያዕቆብ ፉገር በ1521 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ለድኾች ያቋቋመው መንደር እስከ ዛሬ አለ፤ ነዋሪዎቹም ከጥቂት ኪራይ ጋር ለመሥራቹና ለቤተ ሰቡ በየቀኑ የመጸለይ ግዴታ አለባቸው። በሁለቱም ስፍራ ተጧሪው የሚሰጠው ነገር ስላለው ባለ ውለታ እንጂ ለማኝ አይባልም።

በከተማ፤ ዕድርና ጡረታ

ከተማ ሲሰፋ ዘመድ ተበተነ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ (በአውሮፓ አቈጣጠር) በአዲስ አበባ የተስፋፋው ዕድር የቀባሪን ሥራ ተረከበ። ድንኳን፥ ወንበር፥ ድስትና ለቀስተኛ አዘጋጀ፤ ከየትም አውራጃ የመጣ ሰው በወግ የሚቀብረው አገኘ። የጧሪን ሥራ ግን ማንም እንደዚህ አድርጎ አልተረከበም። «ጧሪ ቀባሪ» የሚለው ጥንድ ቃል በከተማ የተከፈለው በዚህ ላይ ነው፤ ለሞት ማኅበር ተበጀለት፥ ለእርጅና ግን አልተበጀለትም።

መንግሥት በበኩሉ ሕግ አወጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ወላጆቻቸውን የመቀለብ ግዴታ እንዳለባቸው ደነገገ። በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 209 የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ መብት ጸና። በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራው ግን እንዲህ ያለ መብት በአዋጅ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ጋር የቃሉ ትርጕም ተለወጠ። ጡረታ ሲባል ቀድሞ እጅና እግር የነበረው ነገር በወር አንድ ጊዜ የሚቈጠር ገንዘብ ሆነ። ገንዘቡም ቢሆን በኑሮ ውድነት እያነሰ የሚሄድ ነው፤ ይልቁንም በቀን ሥራ፥ በጉልትና በቤት ሠራተኝነት ላረጁት ምንም የለም።

የቀበሌ ቤትና ዕድሳቱ

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ይህ አዋጅ ለብዙ ድኻ አረጋውያን ትልቅ ጥላ እንደ ሆነ አይካድም፤ በጥቂት ብር ኪራይ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚኖሩበት ቤት አግኝተዋልና። ነገር ግን የቀበሌ ቤት እንደ ርስት በኑዛዜ አይተላለፍም። ስለዚህ አሮጊቲቱ ለጐረቤት ልጅ «ጡሪኝና ቤቴን ውሰጂ» ልትላት አትችልም። በባላገር ጧሪውን ከቤቱ ጋር ያስተሳሰረው ገመድ በዚህ ተፈታ።

ቤቶቹም ከነዋሪዎቻቸው ጋር አረጁ። አብዛኞቹ በባሕር ዛፍ ማገር፥ በጭቃና በጭድ የተመረጉ፥ ቈርቈሯቸው የዛገ ናቸው። መጸዳጃው የጋራ ሲሆን በግቢው ዳር ይገኛል፤ በክረምት ሌሊት በጭቃ ላይ ወደዚያ መሄድ ለደከመ ሰው አደጋ ነው። ይህን ችግር ለማቃለል፥ በተለይ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ፥ በየክረምቱ በበጎ ፈቃደኞች ጕልበትና በለጋሾች ገንዘብ «የአቅመ ደካሞች ቤት ዕድሳት» የሚባለው ሥራ በአዲስ አበባ ተስፋፋ። ግድግዳ ይታደሳል፥ ቈርቈሮ ይለወጣል፥ ወለሉ ሲሚንቶ ይሆናል፤ በአንዳንድ ስፍራም አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ባለ ፎቅ መኖሪያ ተሠርቶላቸዋል። ምረቃው በእልልታ ነው፤ አዛውንቶቹም ለሠሩላቸው ወጣቶች ይመርቃሉ።

ሆኖም ከምረቃው ማግስት የሚጠየቅ ነገር አለ። የማትራመድ ሴት ቤቷ ቢታደስም ውሃ የሚቀዳላት፥ መድኃኒቷን የሚያስታውሳት፥ ብትወድቅ የሚሰማት ሰው ከሌለ፥ አዲሱ ቈርቈሮ የሚያስቀርላት ዝናቡን ብቻ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶችም ይኸው ታይቷል። ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅና አሳንሰር የሌላቸው ሲሆኑ ቤቱ በዕጣ ይደርሳል፤ ላይኛው ፎቅ የደረሰው አዛውንት ከቤቱ መውጣት ይከብደዋል። ወደ ከተማው ዳር የሄደውም ዕድሩንና የቡና ጐረቤቱን ትቶ ነው።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የሆነ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአረጋውያን አንድ ጠባቂና የመጥሪያ ደወል ያላቸው ትንንሽ ቤቶች በብዛት ተሠሩ። ነዋሪዎቹ እየደከሙ ሲሄዱ ደወሉ እንደማይበቃ ታወቀ። ስለዚህ አንዳንዶቹ ቤቶች በሮቻቸው እየሰፉ፥ የጋራ መመገቢያ እየተጨመረላቸው፥ ይልቁንም ሌት ተቀን የሚረዱ ሠራተኞች እየተመደቡላቸው ተለወጡ። ከለውጡ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቀው ግንቡ ሳይሆን ሰው ነው።

አዲስ ጧሪዎች

በአዲስ አበባ ቤትንና ጧሪን በአንድ ጣራ ሥር መልሶ ለማገናኘት ከተነሡት ሁሉ ስሙ የታወቀው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። ማዕከሉን በ2002 ዓ.ም. የመሠረተው ቢኒያም በለጠ ሥራውን የጀመረው በቤተ ሰቡ ቤት ነበር። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክሩ በሕዝብ ዘንድ ታውቋል። በመንገድ የወደቁት ይነሣሉ፥ ይታጠባሉ፥ ይመገባሉ፥ ይታከማሉ፤ ሲሞቱም ይቀበራሉ። ጧሪና ቀባሪ በዚያ ተገናኝተዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ማዕከል ማንም ለሌለው ሰው መጠጊያ ነው እንጂ፥ ሰፈሩን፥ ደብሩንና ጐረቤቱን ሳይለቅ መጦር ለሚሻው ሁሉ ሊበቃ አይችልም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ አዟል። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም መሥራት ለማይችሉት ቀጥታ ድጎማ ይሰጣል። እነዚህ ገንዘብ ናቸው። ዕድሳቱ ግድግዳ ነው። የሚጐድለው እጅ ነው።

እጁ ከየት እንደሚመጣ ግን የቅርብ ዘመን ታሪክ ጥቂት ያመለክታል። በ1990ዎቹ የኤድስ በሽታ በጸናበት ጊዜ፥ ለቀብር ብቻ የተቋቋሙ ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች መተዳደሪያቸውን አስፍተው ሕመምተኛን በቤቱ መጠየቅና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መርዳት ጀምረዋል። ቀባሪው በችግር ጊዜ ጧሪ መሆን እንደሚችል በዚያን ጊዜ ታይቷል። የሳሪስ አቦ ዕድርተኛ ለድንኳን ከሚያዋጣው ጋር በሕይወት ላለው አባል ጥቂት ቢጨምር፤ በሚታደሰው ግቢ ውስጥም አንዲት ክፍል ለአገልጋይ ብትተው፥ መጸዳጃው ወደ በሩ ቢቀርብና መደገፊያ ብረት ቢደረግለት፥ የቤት ዕድሳት የሚባለው ሥራ መጦር ወደሚለው ስም ይቀርባል። ይህ ሳይሆን የቀረ እንደ ሆነ አዛውንቱ በታደሰ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይሞታሉ፤ በማግስቱም ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፥ ሕዝቡም ይሰበሰባል።