ድካም የማን ጥፋት ነው?

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በሰሜን ኢጣሊያ በሞዴና ከተማ፣ ቤርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ሐኪም በቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚጠርገውን ሠራተኛ ልብ ብሎ ተመለከተ። ሰውየው ያለ ዕረፍት ይጣደፍ ነበርና ሐኪሙ ምክንያቱን ጠየቀው። ሠራተኛውም ከዚያ ጉድጓድ ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ሰው የዓይኑን ብርሃን እንደሚያጣ አስረዳው። ራማዚኒ ከዚህ ተነሥቶ የልዩ ልዩ ሙያተኞችን ሕመም ሲመረምር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። በዚሁ መጽሐፍ ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ በሽተኛን በሚጠይቋቸው ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን እንዲጨምሩ መከረ። የሕመሙን ምንጭ በሰውየው ገላ ብቻ ሳይሆን በሚውልበት ቦታም መፈለግ እንደሚገባ ያሳየ ምክር ነበር።

ይሁን እንጂ ፋብሪካ በተስፋፋበት ዘመን ይህ ጥያቄ ተዘነጋ። ዌልሳዊው ሮበርት ኦወን እ.ኤ.አ. በ1817 ዕለቱ ለሥራ፣ ለመዝናኛና ለዕረፍት እኩል ስምንት ስምንት ሰዓት ሆኖ እንዲከፈል ቢጠይቅም፣ አብዛኞቹ ባለፋብሪካዎች የሥራ ሰዓት ከተቀነሰ ምርትም ይቀንሳል ብለው ያምኑ ነበር።

ይህን እምነት የፈተነው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በእንግሊዝ የጥይትና የመድፍ ፋብሪካ ሠራተኞች እሑድን ጨምሮ ረዥም ሰዓት እንዲሠሩ በመደረጉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1915 ስለ ጤንነታቸው የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ። ሆራስ ቬርነንና ሌሎች መርማሪዎች የሥራውን ሰዓትና የምርቱን መጠን ጎን ለጎን መዘገቡ። ኮሚቴውም የእሑድ ሥራ እንዲቀር መከረ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆን ፔንካቬል እ.ኤ.አ. በ2014 ያንኑ መዝገብ እንደገና ሲመረምር፣ በሳምንት 70 ሰዓት የተሠራበት ምርት 56 ሰዓት ከተሠራበት እምብዛም እንደማይበልጥ ደረሰበት። ተጨማሪዎቹ 14 ሰዓቶች የሠራተኛውን ጉልበት ከመጨረስ በስተቀር ያስገኙት ነገር ጥቂት ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመው የዓለም የሥራ ድርጅት በመጀመሪያው ስምምነቱ የኢንዱስትሪ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ። ኢትዮጵያ የዚህ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም መደበኛውን የሥራ ሰዓት በዚሁ ልክ ይወስናል።

ሕግ ሰዓትን ቢለካም የመንፈስን ዝለት ግን አይለካም። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለው የሥነ ልቡና ሐኪም ቀን በራሱ ክሊኒክ፣ ማታ ደግሞ በኒው ዮርክ ለድኾች በነጻ በሚሰጥ ሕክምና እያገለገለ ሳለ እርሱና የሥራ ጓደኞቹ ሲዝሉ አየ። እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን ተቃጥሎ ከማለቅ ጋር በሚያመሳስል ቃል ሰየመው። እንቅልፍ ማጣትን፣ ቶሎ መቆጣትንና ተስፋ መቁረጥን በምልክትነት ዘረዘረ፤ ለዚህ ይበልጥ የሚጋለጡትም ሥራቸውን ከልብ የሚወዱት መሆናቸውን አመለከተ። ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 መለኪያ አዘጋጁለት። ማስላክ ከማይክል ላይተር ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 በጻፈችው መጽሐፍ ደግሞ ምንጩን በስድስት ነገሮች መደበችው፤ እነርሱም የሥራ ብዛት፣ በሥራ ላይ ያለ ሥልጣን፣ ዋጋ ማግኘት፣ የባልደረቦች ኅብረት፣ ፍትሕና ከኅሊና ጋር መስማማት ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ነገሩን በግለሰብ በሽታነት ሳይሆን፣ በወጉ ያልተያዘ የሥራ ጫና በሚያስከትለው ሁኔታነት መዝግቦታል።

ታዲያ በየመሥሪያ ቤቱ ትጉህ የነበረ ባልደረባ ሲፈዝ፣ ሲያመናጭቅ ወይም ከሥራ ሲቀር «ሰነፈ» ማለት የሚቀል ፍርድ ነው። እንዲህ የተፈረደበት ሠራተኛ ቢሄድና ሌላ ቢተካ፣ ሥራው እስካልተለወጠ ድረስ ተተኪውም በዚያው መንገድ መዛሉ አይቀርም። የኃላፊው ተግባር ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ አስቀድሞ የራማዚኒን ጥያቄ ማንሣት ነው፤ ይህ ሰው የሚሠራው ምንድን ነው? ስንት ሰዓት? ከማን ጋር? በምን ያህል ፍትሕ?