ከምንባብ ወደ ጥያቄ፤ የእንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት ልምምድ በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ታሪክ ውስጥ

መግቢያ

አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ገልጦ የምንባብ ልምምድ ሲሠራ ልብ ብሎ የተመለከተ መምህር አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ተማሪው ምንባቡን ከመጀመሪያው አያነብም። ዓይኑ በቀጥታ ከምንባቡ ሥር ወደተደረደሩት ጥያቄዎች ይወርዳል፤ ከጥያቄው ጎላ ያለ አንድ ቃል ይይዛል፤ ያንን ቃል ይዞ ወደ ምንባቡ ይመለሳል፤ ቃሉን ካገኘበት ዓረፍተ ነገር መልሱን ገልብጦ ያልፋል። ብዙውን ጊዜም መልሱ ትክክል ይሆናል። ነገር ግን መጽሐፉ ተከድኖ «ያነበብከው ስለ ምን ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚለው አይኖረውም።

ይህ ልማድ እንደ ተማሪው ስንፍና ተቆጥሮ ሲወቀስ ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ልማዱ የራሱ ታሪክ ያለው፣ በብዙ ዓመታት ውስጥ ከፈተናው ዓይነት፣ ከመጽሐፍ እጥረትና ከክፍል መጨናነቅ የተወለደ ነው። ጉዳዩ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ባልከፋ ነበር። በ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ፣ አንብቦ መረዳት ያልቻለ ተማሪ የባዮሎጂውም፣ የጂኦግራፊውም፣ የታሪኩም መጽሐፍ ዝግ ይሆንበታል። ስለሆነም ልምምዱ ከየት ተነሥቶ ዛሬ ካለበት እንደደረሰ መመርመሩ ለመምህሩም ሆነ ለዕቅድ አውጪው ጠቃሚ ይሆናል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት፣ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ንባብና ትርጓሜ በነባሩ ትምህርት

በአገራችን ነባር የቤተ ክህነት ትምህርት ንባብና ትርጉም ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ነበሩ። ሕፃኑ በንባብ ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ አልፎ ዳዊት ይደግማል። በዚህ ደረጃ የሚፈለግበት ቃሉን ሳያዛንፍ፣ የሚነሣውን አንሥቶ የሚጣለውን ጥሎ ማንበብ ነው። የሚያነበው ግእዝ በመሆኑ ምሥጢሩን ገና አያውቀውም፤ እንዲያውቀውም አይጠየቅም። በቁርኣን ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ንባቡ ይቀድማል፤ ተፍሲሩ ዘግይቶ ይከተላል።

ይህ ሥርዓት አንዳንድ ጊዜ «የሽምደዳ ትምህርት» ተብሎ ሲነቀፍ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደረጃ ይዘነጋል። በትርጓሜ ቤት ተማሪው አንድን ኃይለ ቃል ከመምህሩ ፊት ዘርግቶ፣ ዘይቤውን ከምሥጢሩ እያገናዘበ፣ «አንድም» እያለ አንዱን ፍች በሌላው ላይ እየጨመረ ይመረምረዋል። ፍቹን ከመናገር ሌላ ያ ፍች ከየትኛው ቃል እንደተገኘ፣ በምን ታሪክ ወይም ምሳሌ እንደሚደገፍ ማሳየት ይጠበቅበታል። በዛሬው የትምህርት አነጋገር፣ ይህ የላቀ የአንብቦ መረዳት ልምምድ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲቋቋም ከነባሩ ሥርዓት የንባብ ቤቱን ልማድ፣ ማለትም ጮክ ብሎ ማንበብንና በቃል መያዝን፣ ሳያስበው ወረሰ። የትርጓሜ ቤቱን ጥበብ ግን ይዞት አልገባም።

እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን

በ1900ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ካስተማራቸው የውጭ ቋንቋዎች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ያስተምር ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ይህን ጅምር አቋረጠው።

ከነፃነት በኋላ የብሪታንያ ተሰሚነት በመጨመሩ፣ መምህራኑና መጻሕፍቱም በአብዛኛው ከዚያው በመምጣታቸው፣ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ወሰደ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከተለ። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ ብዙዎቹ በአዳሪነት ይማሩ ስለነበር ከመምህራኖቻቸው ጋር የሚነጋገሩትም በእንግሊዝኛ ነበር። መጨረሻ ላይ የሚቀመጡትም ለለንደን ፈተና ነበር። በዚያ ፈተና ወግ ተፈታኙ ረጅም ምንባብ አንብቦ ፍሬ ነገሩን በራሱ ቃላት ያሳጥራል፤ ጥያቄዎቹንም በተሟላ ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። በ1942 ዓ.ም. ገደማ የአገሪቱ የራሷ የ2ኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ በተለምዶ «ማትሪክ» የሚባለው፣ ሲጀመር፣ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ እንግሊዝኛን አንብቦ መረዳት ወደ ከፍተኛ ትምህርት መግቢያ በር ሆነ።

ያንን ዘመን የወርቅ ዘመን አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው። ውጤቱ የተገኘው ጥቂቶችን በመምረጥ ነበር፤ እጅግ የሚበዙት የአገሪቱ ሕፃናት የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም።

የሽግግሩ ክፍተት

በ1956 ዓ.ም. አማርኛ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። እንግሊዝኛ በነዚያ ክፍሎች እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ እየተሰጠ፣ የማስተማሪያ ቋንቋነቱ ከ7ኛ ክፍል እንዲጀምር ተደረገ። ሕፃን በሚገባው ቋንቋ ሊማር ይገባዋልና፣ አማርኛ አፍ መፍቻው ላልሆነው ልጅ ችግሩን ባያቃልልለትም፣ ለብዙዎች እርምጃው ተገቢ ነበር። የጎደለው ድልድዩ ነው። የ6ኛ ክፍሉ ተማሪ በአጫጭር ንግግሮችና በሰዋስው መልመጃዎች የተለማመደውን እንግሊዝኛ ይዞ፣ በ7ኛ ክፍል የሳይንስና የኅብረተሰብ ትምህርት መጻሕፍትን በአንድ ክረምት ልዩነት ማንበብ ነበረበት። በዚያ መካከል ሊያነባቸው የሚችሉ፣ ቃላታቸው የተመጠነና ታሪካቸው የሚስብ መጻሕፍት በበቂ አልቀረቡለትም።

ክፍተቱን ለጥቂት ዓመታት የሸፈኑት ሰዎች ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ያዙ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በብሔራዊ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ይሰማሩ ነበር። ይሁንና በሰው የተሸፈነ ክፍተት ሰውየው ሲሄድ መልሶ ይከፈታል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የውጭ መምህራኑ ሄዱ። ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲሰማሩ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርት ተቋረጠ። ከዚያም የተማሪው ቁጥር በፍጥነት አደገ፤ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ይሠሩ ጀመር። መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ አንድ ሆነ።

በዚህ ጊዜ መምህሩ የወሰደው መፍትሔ ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። መጽሐፉን አሳጥሮ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈው፤ ተማሪው በደብተሩ ገለበጠው፤ ማብራሪያው በአማርኛ ተሰጠ። በቃል የሚያዘው ማስታወሻ የመጽሐፉን ቦታ ያዘ። በ1978 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የአገሪቱ አጠቃላይ ትምህርት ሥርዓት ገምጋሚ ጥናትም የ2ኛ ደረጃ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ችሎታ በቋንቋው ሌሎች ትምህርቶችን ለመከታተል የማያበቃ መሆኑን አመለከተ።

የምርጫ ጥያቄ ያመጣው ለውጥ

የተፈታኙ ብዛት ፈተናውንም ለወጠው። በእጅ ሊታረም የማይቻል ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ማትሪክ በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ ሆነ። የምርጫ ጥያቄ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በጥንቃቄ ከተዘጋጀ የተሰወረ ሐሳብን መረዳትንም ሊመዝን ይችላል። ጉዳቱ የመጣው የፈተናው መልክ የትምህርቱ መልክ ሲሆን ነው። ማሳጠርም፣ በራስ ቃል መመለስም ከፈተናው ሲወጡ ከክፍልም ወጡ። ምንባቡ ለጥያቄው ሰበብ ሆኖ ቀረ።

በዚህ ዓይነት ጥያቄ ሳይረዱ መመለስ እንዴት እንደሚቻል ለማሳየት ትርጉም የሌለው አንድ ዓረፍተ ነገር እንፍጠር፤ «ቀርጠፋው በዝምጠላው ሥር ተጎርጀመ።» ጥያቄ፤ ቀርጠፋው በምን ሥር ተጎርጀመ? መልስ፤ በዝምጠላው ሥር። ማንም አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ጥያቄ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ነገር ግን ምን እንደተነገረ የሚያውቅ የለም። በየልምምድ መጻሕፍቱ ከምንባብ ሥር ከምናገኛቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከዚህ እምብዛም አይርቁም። ተማሪው ቃል ከቃል ማገጣጠምን የተማረው እንዲህ ካሉ ጥያቄዎች ነው።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከ2ኛ ደረጃ አንሥቶም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ማትሪክ ቀርቶ ሌሎች አገር አቀፍ ፈተናዎች ተተኩ፤ የምርጫው መልክ ግን ቀጠለ። በ1997 ዓ.ም. በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተጀመረው ትምህርትም የንባቡን ችግር አልፈታም። የቴሌቪዥኑ መምህር «አሁን አንብቡ» ብሎ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ ቀስ ብሎ የሚያነበው ተማሪ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳይደርስ መልሱ ይነገራል። በ2002 ዓ.ም. በታችኛ ክፍሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንድም ቃል ማንበብ ያልቻሉ የ2ኛ ክፍል ልጆች ብዙ ሆነው መገኘታቸው ደግሞ የችግሩ ሥር ከእንግሊዝኛው በታች እንደሚወርድ አሳየ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። የዚህ ውጤት ምክንያት እንግሊዝኛ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም የፈተናው ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ የተጻፉ በመሆናቸው፣ የንባብ ችሎታ በእያንዳንዱ ትምህርት ውጤት ላይ ድርሻ እንዳለው መካድ አይቻልም።

ልምምዱ ምን ይምሰል?

ከዚህ ታሪክ ለክፍል የሚሆኑ ጥቂት ትምህርቶችን መውሰድ ይቻላል።

አንደኛ፣ ምንባቡ ለተማሪው የተመጠነ ይሁን። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንባቢ ያለ ረዳት በበቂ ሁኔታ ለመረዳት ከምንባቡ ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አመልክተዋል። መምህሩ ከምንባቡ 100 ቃላት ቆጥሮ ተማሪዎቹ የማያውቋቸውን እንዲያሰምሩ ቢያደርግ፣ የማይታወቁት ከ2 ወይም ከ3 እጅግ ከበለጡ ምንባቡ ለቃላት ጥናት እንጂ ለንባብ ልምምድ እንደማይስማማ በ5 ደቂቃ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው ከንባቡ በኋላ ይምጣ። ተማሪው መጀመሪያ ምንባቡን ያለ ጥያቄ ያንብበው፤ መጽሐፉን ከድኖ ፍሬ ነገሩን በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። እንግሊዝኛው ካልበቃው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይናገር፤ የሚፈለገው በቅድሚያ መረዳቱ ነውና።

ሦስተኛ፣ «እንዴት አወቅህ?» የሚለው ጥያቄ አይቅር። የምርጫ ጥያቄም ቢሆን፣ ተማሪው ሐን የመረጠው ከየትኛው ዓረፍተ ነገር ተነሥቶ እንደሆነ፣ ለን የጣለውም ስለምን እንደሆነ ያስረዳ። ሌላ ፍች ያየ ተማሪ «አንድም» ብሎ ያቅርብ፤ ማስረጃውንም ከምንባቡ ያሳይ። በ60 ተማሪ ክፍል ውስጥ እንኳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይህን ማድረግ ይቻላል።

አራተኛ፣ ሥራው የእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻ አይሁን። የባዮሎጂ መምህሩ በሳምንት አንድ ገጽ ከመማሪያ መጽሐፉ በክፍል ቢያስነብብ፣ ተማሪው መጽሐፉ የሚነበብ ነገር መሆኑን ይማራል።

ለዕቅድ አውጪዎችም አንድ ማስረጃ ይጠቀሳል። እንደኛ ሁሉ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ብቻ በሚሰማባቸው የፊጂ ገጠሮች፣ ኤሊና ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በተመረጡ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለየክፍሉ 250 የታሪክ መጻሕፍት አቅርበው ነበር። እነዚያ ልጆች በተለመደው መንገድ ከተማሩት ይልቅ በንባብ በእጥፍ ያህል ፍጥነት ተሻሻሉ። የመጻሕፍቱ ወጪ ከአንድ ክፍል የቴሌቪዥን መሣሪያ ወጪ ጋር ተነጻጽሮ ሊታይ ይገባል። አገር አቀፉን ፈተና በጽሑፍ መልስ ማድረግ ለጊዜው ባይቻልም፣ ከትምህርት ቤቱ ተከታታይ ምዘና የተወሰነው ክፍል በማሳጠርና በራስ ቃል በመመለስ እንዲሆን መወሰን ይቻላል።

ማጠቃለያ

የ11ኛ ክፍሉ ተማሪ ምንባቡን ዘልሎ ወደ ጥያቄው የሚወርደው ትምህርት ቤቱ ለብዙ ዓመታት የሸለመው ለመልሱ እንጂ ለንባቡ ስላልነበረ ነው። ልማዱ በታሪክ የመጣ እንደመሆኑ በሥራ ሊለወጥ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገን ሁሉ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። አንድን ቃል ይዞ እስኪገባ ድረስ መመርመርን፣ ፍችንም በማስረጃ ማቅረብን የአገራችን የትርጓሜ መምህራን ለዘመናት ሲያስተምሩት ኖረዋል። ንባብ ቤቱን ወርሰን ትርጓሜ ቤቱን የተውንበትን ስሕተት ማረም ከእያንዳንዱ መምህር የነገ ክፍለ ጊዜ ሊጀምር ይችላል።