ከሲኒማ ቤት በር ላይ የተሰበሰበ ገንዘብ፦ የቡርኪና ፋሶ የፊልም ድጎማና የቋንቋው ጉዳይ

መንግሥት ለፊልም ሥራ ድጎማ ይስጥ ወይስ አይስጥ የሚለው ክርክር በእኛ ዘንድ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቅሉ ተነሥቶ በጥቅሉ ይዘጋል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ በማን እጅ እንደሚያልፍና በመጨረሻ ታሪኩ በየትኛው ቋንቋ እንዲነገር እንደሚያስችል ግን እምብዛም አይጠየቅም። የሥነ ጽሑፍን ተማሪ ይበልጥ የሚመለከተው ደግሞ ይኸው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ጉዳዩን ለመመርመር እስከ 1984 አፐር ቮልታ ትባል የነበረችው ቡርኪና ፋሶ ጥሩ አብነት ትሆናለች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፐር ቮልታ በ1960 ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነጻ ስትወጣ የባሕር በር የሌላት ደኻ አገር ነበረች። ሲኒማ ቤቶቿም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በምዕራብ አፍሪካ ባሉት የቀድሞ የፈረንሳይ ግዛቶች ፊልም የማስገባቱና የማከፋፈሉ ሥራ ኮማሲኮና ሴክማ በሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ኩባንያዎች እጅ ነበር። ተመልካቹ ምን እንደሚያይ የሚወስኑት እነርሱ ሲሆኑ፣ ትርፉም ከአገር ይወጣል እንጂ ለአገሬው ፊልም ሠሪ የሚተርፈው ነገር አልነበረም።

ግጭቱ የፈነዳው በሥነ ጥበብ ሳይሆን በመግቢያ ዋጋና በግብር ሰበብ ነው። መንግሥትና ኩባንያዎቹ መስማማት ስላልቻሉ በጥር ወር 1970 የጄኔራል ሳንጉሌ ላሚዛና መንግሥት ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰና ሶናቮሲ የተባለ ብሔራዊ የሲኒማ ድርጅት አቋቋመ። ኩባንያዎቹ በበኩላቸው ፊልም አንሰጥም አሉ። ሲኒማ ቤት መውረስ ቀላል ነው፤ የሚታይ ፊልም ከሌለ ግን የተወረሰው ቤት ከመጋዘን አይለይም። ኋላ ላይ ከአከፋፋዮቹ ጋር ስምምነት ተደርሶ ፊልሙ መምጣቱን ቀጠለ። ከመውረሱ ይልቅ ትልቅ ግምት ሊሰጠው የሚገባው ግን ከቲኬት ሽያጭ የተወሰነ እጅ ተቀንሶ ለአገር ውስጥ ፊልም ሥራ በሚውል ፈንድ እንዲገባ መደንገጉ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ፈረንሳይ ራሷ በ1946 ብሔራዊ የሲኒማ ማእከል ካቋቋመች በኋላ፣ በ1948 በሲኒማ ቲኬት ላይ ልዩ ቀረጥ ጥላ ገቢውን ለፊልም ኢንዱስትሪዋ ድጋፍ አውላዋለች። በዚህ ዘዴ የሆሊውድ ፊልም ሊያይ የገባ ሰው ሳያስበው ለፈረንሳይ ፊልም ያዋጣል። እንግዲህ የአፐር ቮልታ ሹማምንት የቀድሞ ገዥዎቻቸውን ዘዴ በእነዚያው ገዥዎች ነጋዴዎች ላይ መልሰው ተጠቀሙበት ማለት ይቻላል። በዋጋዱጉ የባዕድ አገር ፊልም ለማየት የተሰለፈው ወጣት የአገሩ ፊልም አዋጪ ሆነ።

በዚህ መንገድ ምን ተገኘ? በ1972 ማማዱ ጂም ኮላ የአንጥረኛ ወገን እየተባለ የሚገለለውን ሕዝብ ጉዳይ የያዘውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ረጅም የልብ ወለድ ፊልም ሠራ። ቀጥሎም በዋጋዱጉ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከሁሉም ይልቅ ልናተኩርበት የሚገባው ግን ጋስቶን ካቦሬ በ1982 በመንግሥት ገንዘብ የሠራው «ዌንድ ኩኒ» ነው። ፊልሙ ከቅኝ አገዛዝ በፊት በነበረው የሞሲ አገር፣ በዱር ወድቆ የተገኘ አንድ ዲዳ ልጅ በማደጎ ሲያድግ ያሳያል። ልጁ በመጨረሻ አንደበቱ ሲፈታ የራሱን ታሪክ ይተርካል። የሚተርከውም በሞሬ ቋንቋ ነው። በዚያ ዘመን የአገሪቱ ልብ ወለድ በአብዛኛው የሚጻፈው በፈረንሳይኛ መሆኑን ስናስታውስ፣ ድጎማው ያስገኘው ፊልም ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን፤ ለቃል ትረካው ሌላ መድረክ ከፍቶለታል። ፊልሙ በ1985 በፓሪስ የሴዛር ሽልማት ያገኘው ግን ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ዓለም ፊልሞች ብልጫ አለው ተብሎ ነው! ሽልማቱ ቢያኮራም ስያሜው ከፊልሙ አንደበት ጋር አይገጥምም።

ዘዴው ያለ ጉድለት አልነበረም። ፈንዱ በቲኬት ላይ የቆመ በመሆኑ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ቪዲዮ ሲዞር ምንጩ ደረቀ፤ የመንግሥቱ የሲኒማ ድርጅትም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈረሰ። ፈረንሳይ በ1980ዎቹ ቀረጡን ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ወደ ቪዲዮ ስላሰፋችው ተመልካቹ በሄደበት ሁሉ ተከትላዋለች። ቡርኪና ፋሶ ይህን ያህል የሚከፍል የቴሌቪዥን ገበያ አልነበራትም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ደርግም በ1975 ሲኒማ ቤቶችን ወርሷል። በ1986 የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ እንደ ሰሎሞን በቀለ «አስቴር» ያለ ፊልምም ከዚያ ወጥቷል። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። በእኛ ዘንድ መንግሥት ራሱ ፊልም ሠሪ ሆነ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያለ ባለሙያ በሕግ የሚጠይቀው የቲኬት ድርሻ አልተለመደም። በመሆኑም በ1999 ኮርፖሬሽኑ ሲዘጋ ድጋፉም አብሮ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባን ያጥለቀለቁት የቪዲዮና የዲጂታል ፊልሞች በግል ነጋዴ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። አማርኛው ገበያ ስለነበረው ቋንቋው አልተጎዳም፤ የሌሎቹን ያገር ቋንቋዎች ያህል ድርሻ ግን ገበያው ብቻውን ሊያመጣው አልቻለም።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በአማርኛ እየተናገረ በ2009 የፌስፓኮን ከፍተኛ ሽልማት፣ የየኔንጋን ፈረስ፣ የወሰደው በዚያችው በዋጋዱጉ ነው። ከፊልሙ ወጪ ከፊሉ የጀርመንና የፈረንሳይ ተባባሪዎች ገንዘብ ነበር። በ2017 በአገራችን የፊልም ፖሊሲ ጸድቋል። ሰነዱን የሚያነብ ተመራማሪ አስቀድሞ ሊፈልገው የሚገባው የዓላማዎቹን ዝርዝር ሳይሆን ገንዘቡ ከማን በር ላይ እንደሚሰበሰብና በየትኛው ቋንቋ የተጻፈ ድርሰት ይዞ የመጣ ሰው ሊያገኘው እንደሚችል የሚናገረውን አንቀጽ ነው።