የኮረኮንች ብስክሌት

«ግራቭል» የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ጠጠር። የብስክሌት ሰዎች ግን ከሃያ ዓመት ወዲህ ሌላ ሥራ ሰጥተውታል። አስፋልት ባልለበሰ፣ ጋሪም መኪናም በሚያልፍበት መንገድ ረጅም ርቀት መንዳቱን፣ ለዚያ የተሠራውን ብስክሌትና በዚያ ላይ የሚደረገውን ውድድር ሁሉ በአንድ ስም ግራቭል ይሉታል። የተራራ ብስክሌት አይደለም፤ ገደል መውረድና ከድንጋይ ድንጋይ መዝለል የለበትም። የአስፋልት እሽቅድምድምም አይደለም። ከከተማ ጫፍ ተነስቶ በእርሻ፣ በዛፍና በሐይቅ ዳር እያሳበሩ መሄድ ነው። እኔ «የኮረኮንች ብስክሌት» እለዋለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩን ለማስረዳት ከቱሉ ዲምቱ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። (ባሌ ውስጥ ያለው 4,377 ሜትር ከፍታ የያዘው ሞክሼው ሌላ ነው፤ እሱም እስከ አናቱ የሚወጣ ኮረኮንች አለው፣ ለዛሬ ግን ይቆየን።) ከአቃቂ ቃሊቲው ቱሉ ዲምቱ ሦስት ዓይነት መንገድ ይነሳል። አንደኛው በ2007 ዓ.ም. የተመረቀውና ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው፤ እግረኛ፣ ከብት፣ ባጃጅና ብስክሌት አይገቡበትም። ሁለተኛው በገላንና በዱከም አድርጎ ቢሾፍቱ የሚገባው ነባሩ የደብረ ዘይት መንገድ ነው። እሱ ብስክሌት አይከለክልም፤ ግን ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ ከሰየማቸው ሲኖትራኮች ጋር ትከሻ ለትከሻ መሄድን የሚወድ ሰው ጥቂት ነው። ሦስተኛው ኮንዶሚኒየሙ ሲያልቅ ይጀምራል። ገረጋንቲ ተደፍቶበት፣ ሮለር አንዴ አልፎበት የተረሳ፣ አህያና ጋሪ ከባጃጅ ጋር የሚጋሩት መንገድ ነው። የእኛ ጉዳይ ከዚህኛው ጋር ነው።

አማርኛ ለእንዲህ ያለው መንገድ ስም አላጣም። በመንግሥት ሰነድ «ጠጠር መንገድ» ነው፤ ገጠር የኖረ ሰው «ፒስታ» ይለዋል። ታዲያ «የጠጠር ብስክሌት» ብንል ምን ይጎድላል? አንደኛ ነገር ከጠጠር የተሠራ ያስመስለዋል። ሁለተኛም መንገዱ ላይ ያለው ጠጠር ብቻ አይደለም፤ የደረቀ ጭቃ፣ የጋሪ እግር የቦረቦረው ጎድጓዳ፣ ካፈሩ ብቅ ያለ አለትም አለ። «የፒስታ ብስክሌት» ደግሞ ይብሱን ያሳስታል። ፒስታ እንደ ቸርኬ፣ እንደ ፓራፋንጎና እንደ ጎሚስታ ሁሉ ከጣሊያኖች የቀረልን ቃል ነው። እኛ ዘንድ ያልተነጠፈ መንገድ ሆኖ ቀረ፤ ለጣሊያን ብስክሌተኛ ግን ፒስታ ማለት ለውድድር ተብሎ የተሠራው፣ እንደ መስታወት የለሰለሰው ዙሪያ ነው። የዚያ ብስክሌት ፍሬን እንኳ የለውም። ያንን ይዞ ከቱሉ ዲምቱ ወደ እርሻው የሚወርድ ሰው ቢኖር ዘመዶቹ ሊመክሩት ይገባል።

«ኮረኮንች» ግን መንገዱን ብቻ ሳይሆን መንገዱ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውንም ይናገራል። «መንገዱ ኮረኮንች ነው» የሚል ሰው ግማሹን የሚያወራው ስለ ወገቡ ነው። እስከ ዛሬ ቃሉን የምንሰማው በአቤቱታ ውስጥ ነው፤ ነዋሪው ወረዳ ሄዶ ሲያመለክት፣ ባለ ባጃጁ ታሪፍ ሲጨምር። ስፖርቱም የሚለየው በዚሁ መንቀጥቀጥ ነው፤ የብስክሌቱ አሠራር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለእሱ የተሰጠ መልስ ነው።

መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የተቆለመመ ሆኖ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ቁልቁለት ላይ እጅ ሰፋ ብሎ እንዲይዝ ነው። ዋናው ልዩነት ግን ጎማው ላይ ነው። የአስፋልቱ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ የኮረኮንቹ ከ35 እስከ 50 ይደርሳል፤ የተራራው ከዚያም ያልፋል። ሰፊ ጎማ በትንሽ ንፋስ ይሠራል። ለአስፋልቱ 5 ወይም 6 ባር የሚሞላ ሰው ለኮረኮንቹ ከ2 እስከ 3 ባር ይበቃዋል፤ ጎማው ድንጋይ ሲያገኝ ተጨፍልቆ ያልፈዋል እንጂ አይነጥርም። ብዙዎቹ የውስጥ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ ትንንሽ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ይጨመርባቸዋል። የግራር እሾህ ባለበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም። ፍሬኑ የዲስክ ነው፤ ቸርኬውን የሚይዘው ባለ ላስቲኩ ፍሬን ጭቃ ሲጋገርበት ይሸነፋል። ከፊት ብዙ ጊዜ አንድ ማርሽ ብቻ ይኖራል፤ ሰንሰለቱ በመንቀጥቀጡ እንዳይወልቅ።

ስፖርቱ ስሙን ያገኘው በዩናይትድ ስቴትስ መካከለኛው ምዕራብ ነው። ካንሳስ ውስጥ ኢምፖሪያ በምትባል ከተማ በ2006 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ዛሬ «አንባውንድ» የሚባለው የ200 ማይል ውድድር ዝናውን አወጣው፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2022 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ተካሄደ። ለእኛ የሚቀርበው ግን የኬንያው ነው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማሳይ ማራ በኩል የሚደረገው «ማይግሬሽን» የተባለው ውድድር የምሥራቅ አፍሪካን ልጆች ከአውሮፓና ከአሜሪካ ብስክሌተኞች ጋር አንድ አቧራ ውስጥ አሰልፏል። ኢትዮጵያም ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ የመጀመሪያ ኦሊምፒኳን ስትሳተፍ እነ ገረመው ደንቦባን በብስክሌት አሰልፋለች፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የጎደለን መንገድ አይደለም፤ ኮረኮንች እንደሆነ ሞልቶናል።

ከቱሉ ዲምቱ ሲነሱ በመጀመሪያ የሚታሰበው አፈሩ ነው። አካባቢው መረሬ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ ይደርቃል፤ በክረምት ያብጥና በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጋገራል፣ ያኔ ተሸካሚው ሰው፣ ተሸካሚ የሚያስፈልገው ብስክሌቱ ይሆናል። ስለዚህ ወራቱ ከጥቅምት በኋላ ነው። ኅዳር ላይ ጤፉ እየታጨደ፣ በመስከረም እርጥበት የተዘራው ሽምብራ ገና አረንጓዴ ነው፤ አየሩም ጥርት ያለ ስለሆነ ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው የረር ተራራ በምሥራቅ በኩል ቅርብ ይመስላል።

ደንን በተመለከተ አንባቢን ማታለል አልፈልግም። በዚህ በኩል የሚገኘው የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦና በማሳ መሐል የተረፈ ግራር ነው። ጽድና ዝግባ የሞላው ጥንታዊ ደን የሚፈልግ ሰው በምዕራብ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ይሂድ። ውሃ ግን አለ። በደቡብ ምዕራብ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት አባ ሳሙኤል ይገኛል። ተገድቦ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለኤሌክትሪክ ተብሎ የተጀመረ፣ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። የከተማው ፍሳሽ በወንዞቹ ተጉዞ እዚያ ስለሚያርፍ ግን ፊት ለመታጠብ አይሆንም።

ንጹሕ ውሃ ማየት የሚሻ ወደ ቢሾፍቱ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ባቦጋያና ኢሬቻ የሚከበርበት ሆራ አርሰዲ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተዋቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ከተማዋ ከአቃቂ ዝቅ ስለምትል ወደዚያ መውረዱ ይቀላል፤ ጉልበትን ለመመለሻው መቆጠብ ግድ ነው። በማሳዎቹ መካከል ሲታለፍ ለገበሬው «አካም» ማለት፣ ውሻ ሲመጣ ከብስክሌቱ መውረድ፣ አውድማ ላይ ደግሞ ጭራሽ አለመንዳት ያስፈልጋል፤ መንገዱ የገበሬው የሥራ ቦታ ነው።

ለዚህ የተሠራ ብስክሌት ውድ ነው። ለመጀመር ግን ጠንካራ አሮጌ የተራራ ብስክሌት ወይም ፎኒክስ በቂ ነው፤ ሰፊ ጎማ የሚቀበል ይሁን እንጂ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ንፋስ የሚሞላው ጎሚስታ የለመደው ለአስፋልት ነውና ጎማውን ድንጋይ አድርጎ ይመልሳል። «ለኮረኮንች ነው፣ ላላ አድርገው» ይበሉት፤ ቃሉን ማስረዳት አያስፈልገውም።